አገር ተቀብሎ መልሱን ያልነገረ

እ.ኤ.አ. በ1899 እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድዋርድ ኤልጋር ማልቨርን አካባቢ ወደ አዲስ ቤት ሲገባ፣ ቤቱን «ክሬግ ሊ» ብሎ ሰየመው። ለሰሚው ተራ የቦታ ስም ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸው ስምንት ፊደላት ሲበወዙ ግን አምስቱ «ኤልጋር» የሚለውን ስም ይሠራሉ፤ የተረፉት ሦስቱ የልጁ የካሪስ፣ የባለቤቱ የአሊስና የራሱ የኤድዋርድ መነሻ ፊደላት ናቸው። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ቢያስብ ይደርስበታል፤ ከደረሰበት በኋላም ልክ መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

ኤልጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ ነፍሱ ነበር። በ1896 «ፓል ማል» የተባለው መጽሔት ማንም አይፈታውም የተባለ የምስጢር ጽሑፍ ሲያወጣ ፈትቶታል። በ1897 ደግሞ ዶራ ፔኒ ለተባለች የ23 ዓመት ወዳጁ በሦስት መስመር የተደረደሩ 87 ምልክቶች ያሉበት ወረቀት ላከላት። ምልክቶቹ ከአንድ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ግማሽ ክቦች የተሠሩ ናቸው። ዶራ ልታነበው አልቻለችም። አርባ ዓመት ያህል አስቀምጣ፣ በ1937 ስለ ኤልጋር በጻፈችው የትዝታ መጽሐፍ አሳተመችው። እስከ ዛሬ ሁሉን ያስማማ ፍቺ አልተገኘለትም።

ጁን 19 ቀን 1899 ለንደን ውስጥ በሃንስ ሪሽተር መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው የኦርኬስትራ ሥራው «ኢኒግማ» በሚል ስም ይታወቃል፤ እንቆቅልሽ ማለት ነው። አንድ ዜማ 14 ጊዜ መልኩን እየለወጠ ይመለሳል፤ እያንዳንዱ መልክ የአንድ ቅርብ ሰው ምስል ነው፣ የመጨረሻው የራሱ የኤልጋር። ርዕሶቹ በአብዛኛው የስም መነሻ ፊደላት ወይም ቅጽል ስሞች ናቸው። «ናምሩድ» የተባለው ክፍል የወዳጁ የኦገስት ዬገር ነው፤ ዬገር በጀርመንኛ አዳኝ ማለት ሲሆን፣ ናምሩድም የመጽሐፍ ቅዱሱ አዳኝ ነው። በዶራ ክፍል ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ እየተቆራረጡ መንተባተቧን ያስታውሳሉ ይባላል።

እነዚህ የተፈቱ ናቸው። ኤልጋር ግን ለዝግጅቱ በታተመው ማብራሪያ ላይ ሌላ ነገር ጨመረ፦ በጠቅላላው ሥራ ላይ አብሮ የሚሄድ፣ ነገር ግን የማይጫወቱት ሌላ ትልቅ ዜማ አለ፤ ምስጢሩንም አልገልጽም አለ። ዶራ ስትጠይቀው፣ ከሰው ሁሉ እርሷ ትደርስበታለች ብሎ ያስብ እንደነበር ነገራት። አልደረሰችበትም።

ከዚያ ወዲህ ግምቱ አልተቋረጠም። የዶራ ባል ሪቻርድ ፖዌል «ኦልድ ላንግ ሳይን» የተባለው የስኮትላንድ ዘፈን ነው አለ። ሌሎች «ሩል ብሪታኒያ» ነው አሉ፤ በዘመኑ የፔኒ ሳንቲም ላይ የብሪታኒያ ምስል ስለነበር፣ ስሟ ፔኒ የሆነው ዶራ ልትደርስበት ይገባ ነበር ማለታቸው ነው። ፓይ የሚባለውን የሂሳብ ቁጥር ያየበትም አለ። ፈቺው ሁሉ ማስረጃ ይደረድራል። ችግሩ ማስረጃ ማጣቱ አይደለም፤ ብዙ መልስ ይገጥማል፣ «አገኘኸው» የሚል ግን የለም።

የአማርኛው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለዚህ ሕግ አለው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መላሹ ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ከተቀበለ በኋላ ግን መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አገር የሚሰጠው መልስ ለመስማት ነው፤ የተሸነፈውም በሚቀጥለው ዙር ጠያቂ ይሆናል።

ኤልጋር ያፈረሰው ይህን ውል ነው። ወዳጆቹ እጅ ሰጡ፣ እርሱ ግን ዝም እንዳለ በ1934 ሞተ። ዶራ 30 ዓመት ቆይታ በ1964 ተከተለችው። የ«ክሬግ ሊ» ስም ቤተኛውን ከእንግዳው ይለያል። ትልቁ እንቆቅልሽ ግን ቤተኛዋን ዶራንም ደጅ አስቀረ። ዛሬ ሊፈታው የሚሞክር ሰው ስለ ኤልጋር ከእርሷ ያነሰ ያውቃል፤ ይሁንና ሁለቱም የቆሙት በአንድ የተዘጋ በር ፊት ነው።