የአባት ስምና የቤተ ዘመድ ስም

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያሰናዱት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ግን ከወረቀት አላለፈም። ሕዝቡ እንደ ጥንቱ በገዛ ስሙና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፤ ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አልለወጠችም።

ነገሩ እንቢተኝነት ብቻ አይመስልም። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ስም የቤት ምልክት ሳይሆን የአንድ ልደት ታሪክ ነው። ታላቁ ሞቶ የተወለደ ሕፃን ካሣ፣ ምትኩ ወይም ማስረሻ ይባላል፤ ወላጆች ኀዘናቸውንና መጽናናታቸውን በአንድ ቃል ያኖሩበታል። ከአያት በላይ ያለውን ትውልድ፣ ለጋብቻ ዝምድና ሲጣራ፣ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት በቃል ይቆጥሩታል እንጂ በስም አይሸከሙትም።

በስደት አገር ግን መዝጋቢው የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ አባትና ልጅ በልዩ ልዩ ስም ተጽፈው ዝምድናቸውን ለማስረዳት ይገደዳሉ። ገብረ ሥላሴም ለሁለት ተቆርጦ ሥላሴ ብቻውን ሲመዘገብ ይታያል፤ አገልጋዩ ቀርቶ ጌታው ተጻፈ ማለት ነው። አያታቸው ማስረሻ የተባሉ ወገኖችም ያንኑ ስም ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፤ በእርሱ ምክንያት እንዲረሳ የተፈለገው ሟች ሕፃን ማን እንደ ነበረ ግን የሚነግራቸው የለም።