ዘር መቁጠርና ምግባር

አባትና አያትን አውቆ ዘር መቁጠር የሚነቀፍ ነገር አይደለም። የሚነቀፈው ሰው የአባቶቹን ሥራ እንደ ራሱ ሥራ አድርጎ ሲኮራበት፥ ወይም በትውልዱ ጉድለት ራሱን ሲንቅ ነው። ለዚህ ነገር በስኮትላንድ አገር የነበረው የዳግላስ ቤት ምስክር ይሆነናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የዚህን ቤት ስም ያስጠራው ጄምስ ዳግላስ ነበር። ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ ከንጉሡ ከሮበርት ብሩስ ሳይለይ ብዙ ዘመን ደከመ። ንጉሡ በ1329 ከሞተ በኋላም፥ በኑዛዜው መሠረት ልቡን ይዞ ሲጓዝ በ1330 በእስፓኝ አገር በጦር ሜዳ ወደቀ። ስለዚህ የልብ ሥዕል የቤቱ የጋሻ ምልክት ሆነ።

በ1333 በሃሊዶን ኮረብታ በተደረገው ጦርነት የጄምስ ልጅ ዊልያም ስለ ሞተ፥ ርስቱ ለጄምስ ወንድም ለሂው ደረሰ። ሂው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና ልጅ አልነበረውም። በ1342 በንጉሡ ፈቃድ ርስቱ በማን በማን እንዲወረስ በጽሑፍ አስወሰነ፤ አስቀድሞ ለወንድሙ ልጅ ለሌላው ዊልያም፥ የወንድ ዘር ቢጠፋ ግን በተራው ለአርቺባልድ። አርቺባልድ የጄምስ ልጅ ቢሆንም ዲቃላ ነበር፤ በዚያን ጊዜም በአገሩ ሕግ ዲቃላ አባቱን አይወርስም ነበር። በሩን የከፈተለት ያ ጽሑፍ ነው።

ዊልያም በ1358 መስፍን ሆነ። ልጁ በ1388 በኦተርበርን ጦርነት ከሕጋዊ ሚስት ሳይወልድ ስለ ሞተ፥ አርቺባልድ ሦስተኛው መስፍን ሆነ። አርቺባልድ ግን ቁጭ ብሎ ውርስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አልነበረም፤ የእንግሊዝን ወሰን ሲጠብቅ ኖሮ የጋሎዌይ ጌታ ሆኖ ነበር። በ1400 ሲሞት ቤቱ ከደቡብ ስኮትላንድ መኳንንት ቤቶች ሁሉ የበረታ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኃይሉ ፍርሃትን ወለደ። በ1440 የልጅ ልጁ ልጆች፥ ወጣቱ መስፍን ዊልያምና ወንድሙ ዴቪድ፥ በኤድንብራ ግንብ በችኮላ ተፈርዶባቸው አንገታቸው ተቈረጠ። መስፍንነቱን የወረሰውም የአያታቸው ወንድም ነበር። የእርሱ ልጅ ስምንተኛው መስፍን ከሌሎች ሁለት መኳንንት ጋር የተማማለውን ቃል ኪዳን አላፈርስም ቢል፥ በ1452 ንጉሡ ዳግማዊ ጄምስ፥ በሰላም ትመለሳለህ ብሎ ካስጠራው በኋላ፥ በስተርሊንግ ግንብ በገዛ እጁ ወጋው። ወንድሙ ዘጠነኛው መስፍን በንጉሡ ላይ ተነሣ፤ በ1455 ጦሩ ተሸነፈ፥ ርስቱም ሁሉ ተወረሰ። የጥንቱ የዳግላስ ርስት የተሰጠው ለንጉሡ ላደረው ለአንገስ መስፍን ነው፤ እርሱም ከዚያው ከዳግላስ ዘር፥ ከመጀመሪያው መስፍን ዲቃላ የተወለደ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገሩን መዝኑት። ዲቃላ የተባለው ቤቱን ከፍ አደረገ፤ በሕግ የተወለደው በእጁ ላይ አጠፋው፤ ያንድ ደም ልጆችም ባንዱ ውድቀት ሌላው ከበረ። የትውልድ መዝገብ እገሌ እገሌን ወለደ ይላል እንጂ፥ ማን ታመነ፥ ማን ከዳ አይልም። አባቶቻችሁን ቁጠሩ፤ ነገር ግን ከስማችሁ አጠገብ የሚጻፈውን ምግባር የምትሠሩት እናንተው መሆናችሁን አትርሱ።