«የመጨረሻ የወር አበባዎ መቼ ነበር?»፦ ከመካንነት ሕክምና ወደ መደበኛ የእርግዝና ክትትል የሚደረገው ሽግግር ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትቀርብ፣ ካርድ ከወጣላት በኋላ ቀድመው ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበረ ነው። እኔም ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ተጠይቄዋለሁ። የታሪክ መምህር ነኝና በቀን ጥያቄ ብዙም አልቸገርም፤ የዚያን ዕለት ግን ተቸገርሁ። ያረገዝሁት ከብዙ ዓመታት ጥበቃ በኋላ፣ በውጭ አገር፣ ከማህፀን ውጭ በተከናወነ ጽንስ ነበር። ሽሉ ወደ ማህፀኔ የገባበትን ቀን፣ የካቲት 1ን፣ እስከ ሰዓቱ አውቀዋለሁ። የወር አበባዬ ግን ለወራት በመድኃኒት ሲታገድና ሲመለስ ስለቆየ፣ የተፈጥሮ ሥርዓቱን ይዞ የመጣበትን ቀን መናገር አልችልም ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ክሊኒኩ ሲያሰናብተኝ የሰጠኝ ደብዳቤ ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ጥር 12 የሚውል ቀን ሞልቶ ነበር። ጥር 12 በሰውነቴ ላይ አንዳች ነገር አልሆነም።

ታዲያ ይህ ቀን ከየት መጣ? መልሱን ፍለጋ ስነሳ ያገኘሁት፣ ሁለቱ የሕክምና ዘርፎች በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ምክንያት የተወለዱ መሆናቸውንና በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከተፈጥሮ ይልቅ የታሪክ ሥራ መሆኑን ነው።

ከቀን አቆጣጠሩ ልጀምር። የመውለጃን ቀን ከመጨረሻው የወር አበባ ተነሥቶ በ280 ቀን የሚያሰላው ደንብ በጀርመናዊው የማዋለድ ሐኪም በፍራንዝ ኔግሌ ስም ይጠራል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተስፋፋ ነው። ደንቡ ካለማወቅ የመነጨ መላ ነበር። ጽንሱ የተጀመረበትን ቀን ማንም ስለማያውቅ፣ ሴቲቱ ልታስታውሰው የምትችለው ቀን በምትኩ ተወሰደ። ስለዚህ በዚህ ቆጠራ የእርግዝናው የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት እርግዝና የሌለባቸው ናቸው። ከማህፀን ውጭ ጽንስ ሲከናወን ቀኑ ይታወቃል፤ ሆኖም የእርግዝና ክትትሉ ካርድ የሚያነበው የኔግሌን ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ክሊኒኩ ቀኑን ይተረጉመዋል። ሽሉ የአምስት ቀን ዕድሜ ይዞ ከገባ፣ ከዚያ ዕለት 19 ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ «የመጨረሻ የወር አበባ» ይባላል። የእኔ ጥር 12 እንዲህ የተገኘ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የእኛ እናቶች «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ሲሉ የሚቆጥሩት ከጽንስ ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው የቤተ ክርስቲያን ቆጠራ፣ ጳጉሜን ጨምሮ 275 ቀን ይሆናል። የቀኖቹ ብዛት ከሐኪሞቹ ቢለይም መነሻው የጽንስ ክሊኒኩ መነሻ ነው። ይህን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ እርግዝና ክትትል ታሪክ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1901 የኤደንብራው ሐኪም ጆን ዊልያም ባላንታይን፣ ሴቶች ምጥ ከመያዛቸው አስቀድሞ የሚታከሙበት ሆስፒታል እንዲኖር ጥሪ አቀረበ። በከተማው የወሊድ ሆስፒታል ለዚሁ ዓላማ አንድ አልጋ ተመደበ፤ አንድ አልጋ ብቻ። ሐሳቡ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1929 የብሪታንያ የጤና ሚኒስቴር የጉብኝት መርሐ ግብር አወጣ፦ የመጀመሪያው በ16ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ24ኛውና በ28ኛው፣ እስከ 36ኛው በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ መውለጃ በየሳምንቱ። ይህ አወቃቀር፣ ማለትም መጀመሪያው የሳሳ መጨረሻው የጠበቀ ክትትል፣ ለአሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች ገዥ ሆኖ ኖረ። እንደ እኔ ንባብ 16ኛው ሳምንት የዘመኑን ዕውቀት ያሳያል፤ ከዚያ በፊት ያለው እርግዝና ለሐኪሙ እምብዛም የማይታይና የማይዳሰስ ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1929 በአሜሪካ ሮቸስተር ጆርጅ ኮርነርና ዊላርድ አለን ያንን የማይታይ ጊዜ እየመረመሩ ነበር። እንቁላል ከወጣ በኋላ በኦቫሪ ላይ የሚቀረው ቢጫ አካል ከጥንቸል ሲወገድ እርግዝናው ይጠፋል፤ ከዚያ አካል የተጨመቀው ንጥረ ነገር ሲሰጣት ግን እርግዝናው ይጸናል። ይህ ንጥረ ነገር ኋላ ፕሮጄስትሮን ተባለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አርፓድ ቻፖ፣ በሰው ልጅ ይህን ሥራ እንግዴ ልጁ ከቢጫው አካል የሚረከበው በሰባተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት መካከል መሆኑን አሳየ። ዛሬ የመካንነት ክሊኒኮች ሴትን በስምንተኛው ወይም በአሥረኛው ሳምንት አካባቢ የሚያሰናብቱበት አንዱ ምክንያት ከዚህ የሚመዘዝ ነው፤ ሌላው በአልትራሳውንድ የልብ ምት መታየቱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አንዱ ወገን በስምንተኛው ሳምንት ያሰናብታል፤ ሌላው ወገን በታሪኩ በ16ኛው ይቀበላል።

ይሁንና ሁለቱ ከመነሻው አልተለያዩም ነበር። ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978፣ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ ኦልድሃም ስትወለድ፣ በላፓሮስኮፕ እንቁላሉን ያወጣውም በቀዶ ሕክምና ያዋለደውም ያው ፓትሪክ ስቴፕቶ ነው። ሮበርት ኤድዋርድስና ጂን ፐርዲ በላቦራቶሪ፣ ስቴፕቶ በማህፀን ሐኪምነቱ አብረው ይሠሩ ነበር። እናትየዋ የማነቃቂያ መድኃኒት ሳትወስድ በተፈጥሮ ዑደቷ ስለፀነሰች ከክሊኒክ ይዛው የምትሄድ የሆርሞን ማዘዣ አልነበራትም። በመጨረሻ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሲታይባት ሐኪሟ ታሪኳን ከሥሩ ያውቃል። 

መለያየቱ የመጣው ከገንዘብ ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለሥራው ድጋፍ በ1971 ነፍጓቸው ነበር። ከስኬቱም በኋላ በመንግሥት ሆስፒታል የሚያስጠጋቸው ስላጡ በ1980 በካምብሪጅ አቅራቢያ ቦርን ሆል የተባለውን የግል ክሊኒክ ከፈቱ። ሴቶች ከሩቅ እየመጡ ፀንሰው ወደየአገራቸው ይመለሱ ጀመር። የማነቃቂያ መድኃኒት መለመዱ ደግሞ የቢጫውን አካል ሥራ ስለሚያውክ የፕሮጄስትሮን ድጋፍ አስፈላጊ ሆነ። በዚህ ዓይነት የመፅነሻው ቤትና የመውለጃው ቤት ተለያዩ፤ በመካከላቸው የቀረችው ፖስታ የያዘች ሴት ናት።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባላስቸገርኋችሁ። በዚህ መንገድ በተገኙ እርግዝናዎች የፕሪኤክላምፕሲያ ሥጋት ከፍ ይላል፤ በተለይ ቀዝቅዞ የቆየ ሽል በሆርሞን በተዘጋጀ ማህፀን ሲገባ፣ ቢጫው አካል ጨርሶ የለምና። ለዚህ ሥጋት ሐኪሞች የሚያዙት አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ከ12ኛው ሳምንት ገደማ፣ ቢበዛ ከ16ኛው በፊት ሊጀመር ይገባል። መንታዎች አንድ እንግዴ ልጅ ይጋሩ ወይስ የየራሳቸው ይኑራቸው፣ በደንብ የሚለየውም እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ሁለቱም ጉዳዮች የሚወድቁት በዚያ ማንም በማይጠብቀው ክፍተት ውስጥ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ስምንት ግንኙነቶችን ሲመክር የመጀመሪያውን ከ12 ሳምንት ወዲህ አድርጓል። በአገራችን በዚያው ዓመት የወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያሳያል። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ከዚያ የሚወጡ ሴቶች ሁሉ በዚያው ግቢ አይወልዱም፤ በመጡበት ከተማና ወረዳ ጤና ጣቢያ ይቀርባሉ፤ ያችን ጥያቄም ይጠየቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ምሥጢራቸውን ለጎረቤት ሊገልጹ አይሹም፤ ፖስታውን ቦርሳቸው ውስጥ ትተው የመጣላቸውን ቀን ሊናገሩ ይችላሉ። እኔም ለአፍታ ይህን አስቤ ነበር።

አዋላጅ ነርሷ ወጣት ነበረች። ዝም ስላት ጥያቄዋን ደገመችው፦ «የመጨረሻ የወር አበባዎ መቼ ነበር?» ፖስታውን አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይህ የሂሳብ ቀን ነው አይደል? እውነተኛውን ይንገሩኝ» አለችኝ። የካቲት 1 አልኋት። ሁለቱንም ጻፈች። ከዚያ ከጥር 12 ዘጠኝ ወር ቆጥራ፣ አሥር ቀን ልትጨምር ስትል ጳጉሜን በመካከል መኖሯን አስታውሳ አምስት ብቻ ጨመረች፦ ጥቅምት 17። ደብዳቤውን ከካርዱ ጋር በስቴፕለር አያይዛ፣ በ12ኛው ሳምንት እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ልጄ አሁን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካርዱ ከእኔ ዘንድ ነው። ጥር 12 በቦታው በእስክሪብቶ ተሞልቷል፤ የካቲት 1 ግን ቦታ ስላልተዘጋጀለት ከዳር፣ በጠባቡ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል።