የኢዮብ ወዳጆች በሊዝበን

ለቅሶ ቤት «የኢዮብን ጽናት ይስጣችሁ» ስንል በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሁሉን አጥቶ ያላማረረው ሰው ነው። ያ ኢዮብ ግን የሚገኘው በመጽሐፉ የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ነው። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ፈጣሪውን ለሙግት ይጠራል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ደግሞ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ይቆማሉ። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ፈጣሪ ጻድቅ ነው፤ ኢዮብ መከራ ወርዶበታል፤ እንግዲያው በድሏል። በፍጻሜው ኢዮብም ከዐውሎ ነፋሱ ይገሠጻል፤ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን በጠበቆቹ ላይ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ምንም አላጠፉም ነበር። (ያን ያህሉን እኛም ለቅሶ ቤት እናውቅበታለን።) ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ስለ መለኮት ፍትሕ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እግዚአብሔር ከክሱ እንዴት ነጻ እንደሚወጣ ይመረምራል። የኢዮብ መጽሐፍ ግን ጠበቆቹን ራሳቸውን ይመረምራል፤ በተጎጂው ኪሳራ ጥብቅና ቁሙ ያላችሁ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ሊዝበን የቅዱሳን ሁሉን በዓል ታከብር ነበር። ጠዋት ምእመናኑ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ምድር ተናወጠች፤ አብያተ ክርስቲያናት በአስቀዳሾች ላይ ተናዱ፤ ወደ ወንዙ ዳር የሸሸውን የባሕር ማዕበል ጠረገው፤ ከተማይቱንም ለቀናት የዘለቀ እሳት በላት። የሞቱት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በብራዚል ለረጅም ዘመን የሰበከው ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ገብርኤል ማላግሪዳ በ1756 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምክንያቱ ኃጢአት እንጂ ተፈጥሮ አይደለም አለ። በኋላ የፖምባል ማርኪዝ የተባለው ሚኒስትር ፍርስራሽ ሲያስጠርግና ወደየአጥቢያው መጠይቅ ልኮ መንቀጥቀጡ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሲያጣራ፣ ካህኑ መጠለያ ከመሥራት ንስሐ ይቅደም ይል ነበር።

ፈላስፎቹም ተሟገቱ። ላይብኒዝ በ1710 «ቴዎዲሴ» በተባለው ሥራው እግዚአብሔር ሊኖሩ ከሚችሉ ዓለማት ምርጡን እንደፈጠረ ተከራክሮ ነበር፤ ቮልቴር በሊዝበን ግጥሙ ተቃወመው፤ በ1759 በ«ካንዲድ» ተሳለቀበት። ለእኔ ይበልጥ የሚቆረቁረው ግን ሩሶ በ1756 ለቮልቴር የጻፈው ነው፦ ስድስትና ሰባት ፎቅ ቤቶችን በአንድ ስፍራ ያጨቀችው ተፈጥሮ አይደለችም። ይህም በደለኛ መፈለግ ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ ገንቢው እንጂ ፍርስራሽ ወደተጫነው ሟች አይደለም።

ማላግሪዳ ወንጌሉን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። በሉቃስ ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲነሣ፣ ጌታ እነዚያ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ይናገራል፤ ወዲያውም አድማጮቹን ለንስሐ ይጠራል። ሰባኪው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ጣለ ባይ ነኝ። ጥሪው ለቆሙት ነበር፤ እርሱ የሟቾች ፍርድ አደረገው።

ፖምባል ከኢየሱሳውያን ጋር የነበረው ጠብ ሲከር ማላግሪዳ ታሰረ። በ1761 ኢንኩዊዚሽን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት መናፍቅ ብሎ ፈረደበት፤ ዕድሜው ከ70 ያለፈው ሽማግሌ በሊዝበን ሮሲዮ አደባባይ ታንቆ ተገደለ፤ ሬሳውም ተቃጠለ። በ1756ቱ ጽሑፍ ሚዛን ቢመዘን፣ ያ አሟሟት የየትኛው ኃጢአት ዋጋ ይባል ነበር?