ተመልሶ የሚከላከል አጥቂ፦ የ1954ቱ ፍጻሜና የታሪክ ምንጭ



የምኖረው ሰሚት ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አያለሁ። ግብ ያገባው ልጅ ስሙ ይጠራል፤ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ከፊት ሮጦ ተመልሶ ያስጣለውን ግን የሚያነሳው የለም። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚያ የመጣ ነው፦ የአጥቂን የመከላከል ሥራ የታሪክ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። መዝገቡ ግቦቹን በደቂቃ ይነግረናል። ባዳዊ ግብፅን ሁለት ጊዜ መሪ አደረገ፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረጉን፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉ። መንግሥቱ ከባዳዊ ጋር በ3 ግቦች የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። እስከ ዛሬ መንግሥቱንና ሉቺያኖን የምናነጻጽረው በዚህ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ግን የሥራቸውን እኩሌታ ብቻ ይመዝናል።

በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ለሌላው እኩሌታ ሽልማት አለው። የሴልኪ ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመከላከል ብልጫ ላሳየ አጥቂ ይሰጣል፤ ቦብ ጌይኒ የመጀመሪያዎቹን አራት በተከታታይ፣ ፓትሪስ በርጀሮን በጠቅላላው ስድስት ወስደዋል። ነገር ግን ያን ሚዛን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ስሕተት ነው። የሆኪ አጥቂ አንድ ደቂቃ ያህል ሮጦ ይወጣና ያርፋል። የእግር ኳስ ተጫዋች ቅያሬ በዓለም ዋንጫ እንኳ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ለ120 ደቂቃ የሚጫወት አጥቂ ወደ ኋላ የሚሮጣት እያንዳንዷ ሩጫ ከፊት ሩጫው ላይ ትቀነሳለች። አልተመለሰም ማለት ሰነፈ ማለት ላይሆን ይችላል። መንግሥቱ አራተኛውን ያገባው በ117ኛው ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ይህ ቁጥር ስለ ግብ አግቢነቱ ከሚናገረው ይልቅ ጉልበቱን እንዴት እንዳከፋፈለ የሚያስጠይቀው ይበልጣል።

መንግሥቱ በ2003፣ ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። በዚያ ቀን አሥራ አምስት ዓመት የነበረው ተመልካች ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግቷል። በሰፈሬ ያሉ አንድ አዛውንት አራቱንም ግቦች በእጃቸው እያሳዩ ተረኩልኝ። «ኳሱን ስንነጠቅስ ከፊተኞቹ ማን ይመለስ ነበር?» ስላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ይህንን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። መቅጃ ይዤ እንድመለስ ለመጪው ቅዳሜ ቀጥረውኛል። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ከንግግሩ በኋላ ያነጋግረኝ።