የልጆቻችን ስሙኒና የእናቶች እጅ

ነሐሴ በገባ ቁጥር በማኅበራችን ስብሰባ አንድ ክርክር ይነሳል። ልጆች ለሰፈር ቡድናቸው ገንዘብ ሲያሰባስቡ እናት እስከ ምን ድረስ ታግዝ? ዘንድሮም ተነሳ። ግማሾቻችን «ልጁ ራሱ ይልፋበት» አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የልጆቻችንን የትኬት ጥራዝ በቦርሳችን ይዘን መሥሪያ ቤት ስንሸጥ ውለን ነበር የመጣነው። ነገሩ ከየት እንደመጣ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ይህ ጽሑፍ ወጣ።

የሰፈራችን ስም የባቡር ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ፤ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን እኛ ለገሃር አልነው። መንገደኛ ባለበት ቆሎና ዳቦ የምትሸጥ ሴት አትጠፋም፤ ልጆቿም አጠገቧ ሆነው መሸጥ ይለምዳሉ። ያ ግን ለቤት ጉሮሮ ነበር። ለቡድን የሚሆነው ገንዘብ በቡሄና በእንቁጣጣሽ ይገኝ ነበር።

ለቡሄ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ድሮ የሚሰጣቸው ሙልሙል ነበር፤ እየቆየ ሳንቲሙ በዛ። በሳንቲሙ ኳስ ይገዛል፤ ከተረፈም ማልያ ይታሰባል። ክፍፍሉ ላይ ግን ጠብ አይጠፋም። ገንዘብ ያዡ ልጅ ከረሜላ በልቶ ተገኝቶ ስንት ቡድን ፈርሷል! ስለዚህ ገንዘቡ ከአንዷ እናት ዘንድ ይቀመጥና መቀነቷ ውስጥ ተቋጥሮ ይከርም ነበር።

ሦስት ሳምንት አልፎ ጥቂት ቀን ሲጨመር እንቁጣጣሽ ነው። ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ ሥዕል ያዞራሉ። ሉኩንና ከለሩን የምትገዛው እናት ናት። ማታ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታግዛለች። ከእኛ መካከል ፊደል ያልቆጠረች እናት የነበረቻቸው እንደሚሉት፣ በሥዕላቸው ላይ የነበረው አበባ የእናታቸው የጥልፍ አበባ ነው። ጎረቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ስሙኒ ይሰጣል፤ ለጋሱ ሽልንግ። ኋላ የታተመ ፖስትካርድ ሲመጣ ያ ሁሉ ቀረ ለማለት ይቻላል።

ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ። ልጆች በኪነት ቡድን ተደራጁ፤ በ1972 የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት በአገር ደረጃ ተመሠረቱ። ከዚያ ወዲያ ማገዝ ውዴታ ብቻ አልነበረም። ብዙዎቻችን እንደምናስታውሰው፣ ለባዛሩ ዳቦ መድፋትም ሆነ የቶምቦላ ትኬት መሸጥ በኮታ ነበር። ያልተሸጠውን ትኬት እናት ከአስቤዛዋ ቆርሳ ራሷ ትገዛዋለች።

የዛሬው ቅሬታችንም ይኸው ነው። ቢሮ የምትገባ እናት ሃያ ትኬት በአንድ ሻይ ሰዓት ትጨርሳለች። ጉሊት የምትውለውስ ለማን ትሸጣለች? ሽልማቱ የመጀመሪያዋ ልጅ ይሆናል፤ የሁለተኛዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ልፋቱ የልጆቹ ነው ብንልም የተወዳደሩት እናቶቹ ናቸው።

አሁን ደግሞ ጎረቤቱም ተበትኗል። ለለገሃሩ አዲስ መንደር የመሠረት ድንጋይ የተጣለው ኅዳር 2011 ነው፤ በ2017 መግቢያ ካዛንቺስ ሲፈርስ አባሎቻችን ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ጥቂቶቹ እስካሁን ለስብሰባ የሚመጡት በ2008 ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ነው። ልጆቻቸው ለቡሄ የሚያንኳኩት የማያውቁትን ሰው በር ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ወሰንን። እናቶች ለልጆቹ ቡድን የሚያወጡት ዱቄት፣ ወረቀትና የትራንስፖርት ገንዘብ በቡድኑ መዝገብ ላይ እንደ መዋጮ ይጻፋል፤ ይህን ሁላችንም ተስማማንበት። ያልተሸጠ ትኬት ተመላሽ ይሆናል፣ እናት አትገዛውም የሚለው ግን ብዙ አከራክሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።