ማር ያልሰጠች ንብ፦ የዱር ንቦች ጥናት ከቀፊራ ገበያ ሲታይ

አኅጽሮተ ጥናት

የአገራችን የንብ ምርምር በአመዛኙ ማርን ሲከተል ኖሯል። ይህ መጣጥፍ የዱር ንቦችን ብዝኃነትና አዝጋሚ ለውጥ የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከቀፎ ይልቅ ከአበባ ቢነሣ እንደሚበጀው ይሟገታል፤ ማሳያውም የድሬዳዋው ቀፊራ ነው።

1. ስምና ማር

በዓለም ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ ቀፎም ንግሥትም የላቸውም፤ እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ አፈር ቆፍራ ወይም እንጨት በስታ እንቁላሏን ትጥላለች። በአማርኛ የራሳቸውን ስም ካገኙት ጥቂቶች አንዷ ጣዝማ ናት። ጣዝማ አትናደፍም። ከመሬት በታች፣ ከሰምና ከሙጫ በሠራቻቸው ትናንሽ ማሰሮዎች ማሯን ታኖራለች፤ ማሯም ለመድኃኒትነት ይፈለጋል። ስሟን ያተረፈላት ይኸው ማር ነው። ምሁራኑም ከዚሁ መንገድ አልራቁም። ፊክትልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ የማር ንብ የምትቀስማቸውን ዕፅዋት ይመዘግባል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሜንሲስ የሚል ስያሜ ያገኘችውም የኢትዮጵያ የማር ንብ ናት። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። ማር የማይሰጡት ግን ብዙውን ጊዜ «ዝንብ» ወይም «ጢንዚዛ» ተብለው ይታለፋሉ።

2. የቲማቲሙ ምስክርነት

ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ ሰው ቀፊራ ገበያ ሲደርስ በየመደቡ የተቆለለ ቲማቲም ያገኛል፤ ማር የማይሰጡት ንቦች ሥራ የሚታየውም እዚህ ነው። የቲማቲም አበባ ብናኙን በጠባብ ቱቦ ውስጥ ዘግቶ ይይዛል፤ መውጫው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። እንደ አሜጊላና ዛይሎኮፓ ያሉ ንቦች ቱቦውን በመንጋጋቸው ነክሰው፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የደረታቸውን ጡንቻ ያንቀጠቅጣሉ። ብናኙ እንደተነፋ ዱቄት ሆዳቸው ላይ ይረግፋል። የማር ንብ ይህን ጥበብ አታውቅም። ቲማቲም ነፋስ ሲወዘውዘውም ያፈራል፤ ንብ ያንቀጠቀጠችው አበባ ግን ፍሬው ይበልጥ ይሞላል።

3. የዘር ሐረግና ዘዴ

ንቦች ከ100 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ከአዳኝ ተርቦች ወገን ወጡ፤ ለልጆቻቸው ያቀርቡት የነበረውን ሥጋ በአበባ ብናኝ ተኩ። ዛሬ አበባውን የምታንቀጠቅጠው ንብ የዚያ ለውጥ ወራሽ ናት። እነዚህን ወራሾች ለማጥናት ተመራማሪው በደቻቱ ዳርቻና በየጓሮው የሳሙና ውኃ የያዙ ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ ሳህኖች ያኖራል፤ በመረብም ከአበባ ላይ ይይዛል። ለዓይን አንድ የሚመስሉትን ወደ 650 ፊደላት በሚጠጋ የዘረመል ባርኮድ ይለያል።

4. ማጠቃለያ

በመርፌ ላይ የደረቀች ንብ ከሥሯ ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ የተያዘችበት ቦታ፣ ቀንና አበባ ካልተጻፈ ለሳይንስ የምትሰጠው ጥቂት ነው። በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ «ቀፊራ» ተብሎ ይጻፍ፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ የምትጠራበት ስም ካለም አብሮ ይስፈር። ቲማቲም ሲያብብ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ሊራራ የሚችለው ለሚያውቃት ንብ ነው፤ የማወቅ መጀመሪያውም ስም ነው።